የበሬ ጎድን በግማሽ በርሜል ላይ፦ ውጩ ጠቁሮ ውስጡ ለምን ይጠነክራል?

ጠያቂ፦ ሰላም ጅማዎች። መጥበሻው ከግማሽ በርሜል የተሠራ ነው፣ ክዳን አለው። 3 ኪሎ የበሬ ጎድን በጭስ ሲበስል በ2 ሰዓት ውስጥ ውጩ ጠቁሮ ይመራል፣ ሥጋው ግን ከአጥንቱ አይለቅም። ለጭሱ የምጠቀመው ባህር ዛፍ ነው። ምን ላስተካክል?

ከሰልና_ጭስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ባህር ዛፉን ተወው። ዘይቱ ሲቃጠል ሥጋውን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል። ጥድም በሙጫው የተነሳ አይሆንም። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወጣው እንጨት በዙሪያችን ሞልቶ ሌላ ምን ፍለጋ? በደንብ የደረቀ፣ ጡጫ የሚያክል 4 ቁራጭ ይበቃል። ወይራም ይሆናል፣ ግን ጭሱ ኃይለኛ ስለሆነ ግማሹን ብቻ።

ከሰሉን በአንድ ጎን ብቻ ከምር፣ ጎድኑን በሌላው ጎን አጥንቱን ወደ ታች አድርገህ አስቀምጥ። ከሥሩ 1 ሊትር ውሃ የያዘ ትሪ ይግባ፤ ስቡ እሳት ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሳው ነበልባል ነው ውጩን የሚያጠቁረው። ሙቀቱን ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ለማቆየት የታችኛውን ቀዳዳ አጥብብ፤ የላይኛውን ግን በፍጹም አትዝጋ። ጭስ ሲታፈን ጥላሸት ሆኖ ሥጋው ላይ ያርፋል፣ ምሬቱም ከዚያ ነው። ወፍራም ነጭ ጭስ ሳስቶ ወደ ሰማያዊ እስኪያደላ ሥጋ አታስገባ። በላምባ ማያያዝ ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ጎድን_ወዳጅ፦ በጭሱ እስማማለሁ፤ ጥንካሬው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሲያርስ የኖረ በሬ ጅማታም ነው፣ ጅማቱ ደግሞ የሚሟሟው በቀስታ ነው። 2 ሰዓት ለበግ ጎድንም አይበቃም፤ ለበሬ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ያዝለት። ከአጥንቱ በኩል ያለውን ስስ ሽፋን በቢላ ጫፍ ፈልቅቀህ በጨርቅ ይዘህ ግፈፍ። በኪሎ 15 ግራም ጨው ነስንሰህ አሳድረው። በርበሬና አዋዜ ቶሎ ስለሚያሩ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ይቀቡ።

ቴርሞሜትር ካለህ አንድ ነገር ልብ በል፦ ከተማችን 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የውጭ አገር አሠራር የሚለውን 95 አትጠብቅ፤ ከ90 ጀምሮ በሹካ ወጋ ወጋ እያደረግህ ሞክር። ያለ ትግል ከገባ በስሏል።

ጠያቂ፦ 7 ሰዓት ሙሉ አይደርቅም?

ጎድን_ወዳጅ፦ ከ3 ሰዓት በኋላ፣ ውጩ ቀልቶ ሲደርቅ፣ እሳት ላይ ባለሰለስከው ኮባ ጠቅልለው። ፎይልም ይሠራል፣ ኮባው ግን ጥሩ ሽታ ይጨምርለታል።

ከሰልና_ጭስ፦ በክረምት ከሰሉ እርጥበት ስለሚይዝ ቀድመህ ፀሐይ አስመታው። ዝናብ መጣ ብለህ ግን በርሜሉን ወደ ማድቤት እንዳታስገባ፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ይገድላል። ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ሥር ይሁን።