ክርክር፦ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ዶርም በር ከምሽቱ 1 ሰዓት ይዘጋ?

አድሚን፦ ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። አንድ አባት ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ ሐሳብ አቅርበው ነበር። በሴት ተማሪዎች ላይ የሚደርሰው ጥቃት ስለበዛ፣ ዶርማቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ይዘጋ፤ ከዚያ በኋላ የምትወጣ አትኑር ነው የሚሉት። ግማሹ ደገፈ፣ ግማሹ ተቆጣ። ስድብ የለም። የተጠቂ ስም መጥራትም የለም። ቀጥሉ።

የተማሪ አባት፦ ሐሳቡ የኔ ነው። ልጄ ፍሬሽ ናት። ከደብረ ታቦር ነው የላክኋት። መሽቶ ስልኳ ካልተነሣ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጣና ዳር ሲመሽ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ጨለማ ነው፣ የሚጠጣውም ብዙ ነው። እኔ ልጆቹ ይጠበቁ አልኩ እንጂ ይታሰሩ አላልኩም።

ፔዳ 3ኛ ዓመት፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን ወንዶቹ ላይብረሪ አምሽተው ሲያነቡ እኛ በ1 ሰዓት ተቆልፎብን ፈተናው ላይ እኩል ልንቀመጥ ነው? አጥፊው ሌላ፣ የሚቆለፍበት ሌላ!

ባለባጃጅ፦ ከዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ እስከ ፔዳ ግቢ እሠራለሁ። ለከፋው ሲመሽ ብቻ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ እጃቸውን ይጎትቷቸዋል። ሰው ቆሞ ያያል፣ አንዳንዱም ይስቃል። ከኛም መካከል ባለጌ አለ፣ አልዋሽም። በሩን በ1 ሰዓት ዘጋችሁ እንበል፣ በ12 ሰዓት የተሳፈረችውን ምን ልታደርጓት ነው?

የድሮ ፖሊ፦ በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ሴቶቹ ቁጥብ ነበሩ። አለባበሱም ይታሰብበት።

ፔዳ 3ኛ ዓመት፦ አልነበረም ወይስ አይወራም ነበር? በ2016 ነሐሴ ተደፍራ የተገደለችው የ7 ዓመቷ ሕፃን ጉዳይ ሲወጣ አገር ሁሉ ጮኸ። እዚሁ ባሕር ዳር ነው የሆነው። የተፈረደበት አከራያቸው ነበር። እሷም አለባበሷ ነው?

አድሚን፦ ከዚህ በኋላ አለባበስ ላይ የተጻፈውን አብዛኛውን አጥፍቼዋለሁ። የትም አያደርሰንም።

ጂሲ ነኝ፦ ተመራቂ ነኝ፤ ማንም ያልነካውን ልንካ። የማውቃት ልጅ ማታ አትወጣም ነበር። አስተማሪዋ ቢሮው የጠራት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። «የሚድ ፈተና ውጤትሽ ወርዷል፣ ነይና እንነጋገርበት» አላት። ስትገባ በሩን ዘጋው። እንደምንም አምልጣ ወጣች። አሁን ኮሪደር ላይ ስታየው መንገድ ትቀይራለች። ኮርሱን የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው። ለማን ትንገር? የሚሰማት ሰው የሱ ጓደኛ ነው።

የተማሪ አባት፦ ታዲያ ለምን ፖሊስ ጋ አልሄደችም?

ሕግ ተማሪ፦ ጋሼ፣ በጉልበት ደፍሯት ቢሆን ነገሩ ግልጽ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ተማሪዋ በሱ ሥልጣን ሥር ከሆነች እስከ 20 ይደርሳል። ሥልጣኑን ተጠቅሞ፣ በውጤት አስጨንቆ እሺ ካሰኛት ግን አንቀጽ 625 ነው። አስተማሪ የሚለው ቃል እዚያ በግልጽ ተጽፏል። ቅጣቱ ግን ቀላል እሥራት ነው፣ ያውም ተበዳይዋ ራሷ አቤት ካለች ብቻ። የዚህችኛዋማ እምቢ ስላለች ከዚያም ይቀላል፤ ሙከራ ተብሎ ይታይ እንደሆን እንጂ። በግል አቤቱታ የሚቀርብ ክስ ደግሞ 3 ወር ነው ያለው።

ከደንበጫ፦ ቤተሰብ በሽማግሌ ቢጨርሰውስ? ፍርድ ቤት ከሄደች ስሟ ይጠፋል።

ሕግ ተማሪ፦ በ1949ኙ ሕግ ደፋሪው ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። በ1996 ያ ቀርቷል። አስገድዶ መድፈር ላይ ሽማግሌ ቢያስታርቅም ክሱ አይቆምም። ሕጉ እንደዚያ ይላል ማለቴ ነው። እሷ ዝም ካለች ዐቃቤ ሕጉ ማንን ምስክር ይጠራል?

ነርስ፦ እናንተ ሕጉን ስትነጋገሩ እኔ ስለ ሰዓቱ ልናገር። ኤችአይቪ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ ሲሆን ይሻላል። የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሠራል። ዓርብ ማታ የተደፈረች ልጅ ጓደኞቿ «ታጠቢና ተኚ፣ ማንም አይስማ» ካሏት፣ ማክሰኞ ስትመጣ የመጀመሪያው አልፏል። ሳትታጠብ ትምጣ። ልብሷንም በወረቀት ከረጢት ታምጣው፣ በፌስታል አይሁን። ዶርም ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ይሄ ቢሆን ምን ነበረበት?

የተማሪ አባት፦ ቆይ፣ 3 ወር አልክ? አንድ ሴሚስተር እኮ 4 ወር ገደማ ነው።

ሕግ ተማሪ፦ እሱን ነው የምልዎት። ቢሮ የጠራት አስተማሪ ውጤቷን በእጁ ይዟል። ግሬድ እስኪወጣ ዝም ትላለች። ግሬዱ ሲወጣ አቤት የምትልበት ጊዜ አልቋል።

የተማሪ አባት፦ በሩ ይዘጋ ያልኩትን አልተውኩም፣ አባት ነኝ። ግን ይሄንንም ጨምሩበት፤ የአስተማሪዎቹ ቢሮ በር መስታወት ይሁን።

ጂሲ ነኝ፦ መስታወቱ ላይ ወረቀት ይለጥፉበታል ጋሼ። ይልቅ አቤት ያለችን ልጅ ወረቀት ሌላ አስተማሪ ይረምላት፣ ስሟን ሳያይ፣ በመለያ ቁጥር።

ፔዳ 3ኛ ዓመት፦ እሱን እፈርማለሁ። የ1 ሰዓቱን አልፈርምም።