ጭልፊት ወይስ የሌሊት ወፍ? ነጥቡ የሚገባው ለማን ነው?

ጅረን፦ ትናንት እዚህ ጅማ በተካሄደው የተማሪዎች ጥያቄና መልስ «በበረራ ከሁሉ ፈጣኑ እንስሳ ማነው?» ሲባል «የሌሊት ወፍ» ያለችው ልጅ ነጥብ ተከለከለች። ዳኛው «ጭልፊት ነው፣ አለቀ» አሉ። ምኑ ነው ያለቀው? በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ቴክሳስ ውስጥ በፍሪዮ ዋሻ የሚኖሩ 7 የሌሊት ወፎች ጀርባ ላይ ግማሽ ግራም የምትመዝን የሬዲዮ መላኪያ ለጥፎ፣ በትንሽ አውሮፕላን ተከታትሎ፣ በአግድም በረራ እስከ 160 ኪ.ሜ. በሰዓት መዝግቧል።

ሄርማታ፦ ጭልፊት ቁልቁል ሲምዘገዘግ ከ300 ያልፋል። 160 በምን ይበልጠዋል?

ጅረን፦ እሱ መውደቅ ነው እንጂ በረራ አይደለም። የሚጎትተው ስበት ነው። እያራገበ በአግድም ሲጓዝ ብዙውን ጊዜ ከ100 በታች ነው።

አዌቱ፦ «መውደቅ»? ድንጋይ ይወድቃል። ጭልፊት ክንፉን ወደ ገላው ሰብስቦ፣ በክንፉ ጫፍና በጅራቱ አቅጣጫ እያስተካከለ፣ የምትሸሽ እርግብ ላይ ይደርሳል። በዚያ ፍጥነት አቅጣጫ የሚቀይር ነገር ወደቀ አይባልም።

ጅረን፦ አቅጣጫ መቀየሩ ጉልበቱን የራሱ አያደርገውም። ፍጥነቱን የሚያገኘው ከከፍታው ነው።

አዌቱ፦ ከፍታውንስ ማን ሰጠው? በገዛ ክንፉ ወጥቶ ያከማቸው ነው!

ሄርማታ፦ 160ውም ቢሆን ከመሬት አንጻር የተሰላ ነው፤ ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ነፋሱ ደግሞ እንስሳው ባለበት ቦታ አልተለካም። ፍጥነቱ የተገኘው የሁለት ቦታዎችን ርቀት ለጊዜው በማካፈል ነው። በ1 ደቂቃ ልዩነት ከተያዙት ቦታዎች አንዱ በ500 ሜትር ቢሳሳት ፍጥነቱ በ30 ኪ.ሜ. በሰዓት ይዛባል። ነጥብ ለመስጠት ይህ አይበቃም።

ጅረን፦ ስለ ነፋስ የሚቀርበው ክርክር አይናቅም። ግን ከሌሊት ወፏ 30ውን ብትቀንስ እንኳ 130 ይቀራል። ጭልፊት በአግድም እዚያ ይደርሳል?

ቦዬ፦ ልጅቷ «የሌሊት ወፍ» ብቻ ነው ያለችው። ከ1,400 በላይ ዝርያ አለ። የቴክሳሱ 12 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ክንፉ ረጅምና ጠባብ የሆነ፣ በአሜሪካ አህጉራት ብቻ የሚኖር ነው። ፍራፍሬ በሊታዎቹ እንደሱ አይፈጥኑም። ዝርያውን ካልጠራች ነጥብ አይሰጣትም።

ጅረን፦ ዳኛውስ የትኛውን ጭልፊት ጠሩ? ባለ 300ው አንድ ዝርያ ነው። ለእሳቸው የተፈቀደው ለልጅቷ ለምን ይከለከላል? «በአግድም» ወይም «ቁልቁል» ብሎ ያልለየ ጥያቄ የተማሪ ነጥብ ሊቆርጥ አይገባም።

አዌቱ፦ መጀመሪያ «መውደቅ» ያልከውን አንሳ።

ጅረን፦ አላነሳም።