የኪልት ስፌት ማኅበር ልግባ ወይስ ለብቻዬ ልቀጥል? (አራት ኪሎ አካባቢ)

ሐምራዊ ክር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ (ኪልት) እየገጣጠሙ የሚሰፉ 14 ሴቶች አራት ኪሎ አካባቢ ማኅበር አላቸው፤ እንድገባ ጋብዘውኛል። መግቢያው 1,500 ብር፣ ወርኃዊ መዋጮው 300 ብር ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ይገናኛሉ። ሁለት የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛና ሁለት ካውያ አላቸው። በዓመት ሁለት የጋራ ብርድ ልብስ ሰፍተው ለበዓል ባዛር ያቀርባሉ። እኔ ቤት የእጅ ሲንጀር አለኝ፣ ቀጥ ያለ ስፌትም እችላለሁ። ግን ካሬዎቹን ስገጣጥም ማዕዘናቸው አይገናኝም፤ ሦስቱን ድርብ (ፊቱን፣ መካከል የሚገባውን ፋይበርና ከሥር ያለውን ገበር) አንድ ላይ ስሰፋ ደግሞ ገበሩ ይጨማደዳል። ለዚህ ማኅበር መግባት ያዋጣል? ጥቅሙንም ጉዳቱንም ንገሩኝ።

ጠመኔና ሜትር

እህቴ፣ ሁለቱም ችግሮች ማኅበር ሳይገባ የሚፈቱ ናቸው። ለእነሱ ብለሽ ብቻ ከሆነ 1,500 ብሩን ጨርቅ ግዢበት።

ማዕዘን የማይገናኘው አብዛኛውን ጊዜ የስፌት ትርፉ (ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ጫፍ ያለው) እኩል ስላልሆነ ነው። 12 ሳ.ሜ. ካሬ ቆርጠሽ በየጎኑ 7.5 ሚ.ሜ. ትርፍ ብትይዢ ካሬው ተሰፍቶ 10.5 ሳ.ሜ. ይወጣል። ትርፉ ሳይታወቅሽ 1 ሳ.ሜ. ከሆነ 10 ሳ.ሜ. ብቻ ይቀራል። ግማሽ ሳንቲሜትር ምንም አይመስልም፤ 14 ካሬ ባለው ረድፍ ግን 7 ሳ.ሜ. ያጎድላል፣ ያንን ደግሞ በካውያ ጎትቶ ማምጣት አይቻልም።

ስለዚህ መርፌው ከሚወርድበት ነጥብ 7.5 ሚ.ሜ. ለክተሽ መኪናው ወለል ላይ ወፍራም ፕላስተር ለጥፊ፤ የጨርቁን ጫፍ በእሱ እያስታከክሽ ስፊ። የመርገጫውን እግር ጠርዝ መለኪያ አታድርጊው፤ ስፋቱ ከመኪና መኪና ይለያያል። ከዚያ ሦስት ካሬ በአንድ ረድፍ ሰፍተሽ ተኩሺና መካከለኛውን ለኪ። ልክ 10.5 ካልሆነ ፕላስተሩን ትንሽ አንቀሳቅሺና እንደገና ሞክሪ።

ስትተኩሺ የአንዱን ረድፍ ትርፍ ሁሉ ወደ ቀኝ፣ የቀጣዩን ወደ ግራ አስተኚ። ረድፎቹ ሲገናኙ ትርፎቹ ጀርባ ለጀርባ ይያያዛሉ፣ መጋጠሚያው በጣት ይዳሰሳል። ካውያውን ጫን አድርገሽ አንሺ እንጂ እየገፋሽ አትሂጂ፤ ካሬውን የሚያጣምመው እሱ ነው።

ገበር የሚጨማደደው ሲደረብ ሳይወጠር ስለቀረ ነው። በዚያ ላይ የመኪናው ጥርስ የታችኛውን ወደ ኋላ ሲስብ እግሩ የላይኛውን ያስቀረዋል፣ ድርቡ ይዛነፋል። ገበሩን ከላይኛው ፊት በየጎኑ 10 ሳ.ሜ. አስበልጠሽ ቁረጪ፤ ወለል ላይ በግልባጩ አንጥፈሽ ጫፎቹን በፕላስተር አስይዢ። ይወጠር እንጂ አይለጠጥ፤ ተለጥጦ ከተሰፋ ፕላስተሩ ሲነሳ ይሰበሰባል። መካከለኛውን ድርብና ፊቱን ከላይ አንጥፈሽ በየ10 ሳ.ሜ. መርፌ ቁልፍ አድርጊ። ስፌቱን ከመካከል ጀምረሽ ወደ ጠርዝ ውሰጂው። የስፌት ርዝመት 3 ሚ.ሜ.፣ መርፌ ቁጥር 90/14፣ የእግሩን ጫና ደግሞ ቀንሺ።

የገበር ነገር

ወንድሜ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ «ወለል ላይ አንጥፊ» የሚለው ግን ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ቀላል አይደለም። ባለ 14 በ19 ካሬ ብርድ ልብስ (266 ካሬ፣ ሲያልቅ 147 በ199.5 ሳ.ሜ.) ገበሩ 167 በ220 ይፈልጋል። ያንን የሚያህል ባዶ ወለል ሳሎን ውስጥ ከየት ይመጣል? በእኔ ግምት የማኅበሩ ዋናው ሀብት ጠረጴዛው ነው፤ ስፌት መኪናው እንኳ ሁለተኛ ነው። ጠረጴዛው 167 ሳ.ሜ. ስፋት ባይኖረውም ችግር የለም፤ ከመካከል ጀምሮ እያስያዙ ወደ ጎን መሳብ ይቻላል። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲወጥረው ግማሽ ቀን የሚፈጀው ሥራ በአንድ ሰዓት ያልቃል።

ሁለተኛው ጥቅም ግዢ ነው። መካከል የሚገባው ፋይበር በጥቅል ሲገዛ ዋጋው ይወርዳል፤ ለብቻ 2.2 ሜትር አስቆርጦ መግዛት ውድ ነው። በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 150 ግራም የሆነውን ምረጡ። ከዚያ የወፈረውን በሲንጀር እግር ሥር ማሳለፍ ያስቸግራል። የተባዘተ ጥጥ ይሞቃል፣ ነገር ግን በየ5 እና 6 ሳ.ሜ. ካልተሰፋ ሲታጠብ ወደ አንድ ጥግ ይጠቀለላል።

ለገበር ስትገዢ ደግሞ ቁመቱን ተከትለሽ አትቁረጪ። ጨርቁ 150 ሳ.ሜ. ስፋት ካለው ባለ 2.2 ሜትር ሁለት ቁራጭ 4.4 ሜትር ይፈጃል፤ ባለ 1.7 ሜትር ሁለት ቁራጭ አግድም ብትገጥሚ ግን በ3.4 ሜትር ያልቃል። ለጠርዝ መሸፈኛ ከጨርቁ ወርድ (150 ሳ.ሜ.) የተቆረጠ፣ 6 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው አምስት ረጅም ቁራጭ ይበቃል፣ ስድስተኛው ለመጠባበቂያ።

ጉዳቱ የጋራ የቁርጥራጭ ከረጢት ነው። ከመርካቶም ከየሰፈሩ ልብስ ሰፊም የተሰበሰበው ጨርቅ አንድ ላይ ይደባለቃል፣ ጥጡና ፖሊስተሩ አይለይም። ፖሊስተሩ ለጥጥ በተሞቀ ካውያ ሊበላሽ ይችላል፤ ያልታጠበው ጥጥ ደግሞ ከተሰፋ በኋላ ይኮማተራል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ፊቱ ይሸበሸባል። ከጫፉ ክር መዝዘሽ አቃጥዪ፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሠራል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ከነጭ እርጥብ ጨርቅ ጋር ተኩሺ፤ ቀለም ከለቀቀ ከነጭ ጋር አይሰፋም። ሸማ ካለበትማ ሳይታጠብ አይነካ፤ ሽመናው ልል ስለሆነ ከፋብሪካ ጨርቅ የበለጠ ይሰበሰባል፣ ጫፉም ቶሎ ይተረተራል።

(ሁለት ካውያ አላቸው ብለሻል። ሁለቱም ባለ 2,000 ዋት ከሆኑ አብረው ሲሰኩ 18 አምፔር ይደርሳሉ፤ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ሊወርድ ይችላል። ተራ ይያዝ።)

ቃለ ጉባኤ

ስለ ስፌቱ የተባለው በቂ ነው፤ እኔ ስለ ብሩ ልናገር። በመጀመሪያው ዓመት 1,500 እና 3,600 ተደምሮ 5,100 ብር ነው። 24 ቅዳሜ ብትገኚ ለአንዱ ቀን 212 ብር ገደማ ይመጣል። ግማሹን ከቀረሽ 425። ፋሲካ፣ ጥምቀት፣ ሰርግ፣ ለቅሶ እያለ ስንት ቅዳሜ እንደሚተርፍሽ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ከመክፈልሽ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን በጽሑፍ አሳዩኝ በይ። የለንም ካሉ፣ ወይም «እኛ እኮ እንደ እህትማማች ነን» ካሉ፣ አትቸኩዪ። ደንቡ ውስጥ የምትፈልጊው ይኼን ነው፦ አባል ሲወጣ መግቢያው ይመለሳል ወይስ አይመለስም? የጋራው ስፌት መኪና የማን ነው? የባንክ ሒሳቡ በስንት ፊርማ ይንቀሳቀሳል? ቢያንስ ሁለት መሆን አለበት። የተሸጠው ብርድ ልብስ ገንዘብ የት ይገባል?

የመጨረሻው ሕጋዊ ጣጣም አለው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው መመዝገብ ይችላሉ፤ የበላይ ወሳኙ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ግን ለትርፍ አይቋቋምም፣ ገቢውን ለአባላት አያከፋፍልም። ባዛር ሸጠን እንካፈላለን የሚሉ ከሆነ መንገዱ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፣ እሱ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ይገዛል። ሳይመዘገቡ እንደ ጓደኛ የሚገናኙ ከሆነም ነውር የለውም፤ ያኔ ግን ለመኪና መግዣ ብለሽ ትልቅ ገንዘብ አታስገቢ።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ውሉ እስከ መቼ እንደሆነም ጠይቂ። ፒያሳና ካዛንቺስ የሆነውን፣ የቤቶቹን መፍረስ፣ አይተናል።

ሐምራዊ ክር (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ፣ ፕላስተሩን ዛሬ ማታ እለጥፋለሁ። ቃለ ጉባኤ፣ ደንብ አላቸው፤ ስለ ሽያጩ ግን ምንም አይልም። ስለ ጋራው ሥራ የምታውቁ ካላችሁ ጨምሩልኝ፤ እያንዳንዷ 19 ካሬ ቤቷ ሰፍታ ታመጣለች ይላሉ።

ሦስት ድርብ

አደጋው እሱ ላይ ነው። 14 ሴት፣ 14 መኪና፣ 14 ዓይነት የስፌት ትርፍ። ጠመኔና ሜትር ያነሳው የ7 ሳ.ሜ. ነገር እዚህ የሚመጣው በዕቅድ ነው ማለት ይቻላል። እያንዳንዷ አንድ ሙሉ ዓምድ ስለምታመጣ 19 ካሬው ላይ ልዩነቱ 9.5 ሳ.ሜ. ድረስ ይሄዳል። ጎን ለጎን ሲገጠሙ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፤ ያጠረው እየተለጠጠ ይሰፋና ጠርዙ ይወላገዳል።

መቁረጡ በአንድ ሰው እጅ ይሁን፣ ከወፍራም ካርቶን በተሠራ አንድ መለኪያ። ካርቶኑ በጠመኔ ሲነካካ ጫፉ ይበላልና በየ50 ካሬው ይቀየር። ለየአባሉ ካሬ ከመታደሉ በፊት ሁሉም የሦስት ካሬ ሙከራ ያምጡ፤ መካከለኛው ከ10.5 ሳ.ሜ. ከ1 ሚ.ሜ. በላይ ከራቀ መኪናው ይስተካከል። ዓምዱ ሲመጣ 19 ካሬው 199.5 ሳ.ሜ. መሆን አለበት፤ ላይና ታች ያለው የዳር ትርፍ ሲጨመር 201። ያላሟላው ይፈታ። ይሉኝታ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው፦ የትልቅ ሰው ሥራ ፍቺው ለማለት ማንም አይደፍርም፣ ብርድ ልብሱ ግን ይበላሻል። ሜትሩን የሚይዘው ሰው አስቀድሞ በስም ይመረጥ፣ ቅሬታው ለሜትሩ ይሁን።

ድርቡን በእጅ የሚሰፉ ከሆነም መርፌው ሦስቱንም መውጋቱን በየጊዜው ከታች በመዳፍ ዳሱ፤ ገበሩን የሳተ ስፌት ከላይ አይታይም፣ መጀመሪያ እጥበት ላይ ነው የሚታወቀው።

ለሽያጭ መሥራት ከጀመሩ ደግሞ ጨዋታው ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1966 አላባማ ውስጥ የተቋቋመው የጥቁር ሴቶች ኅብረት ሥራ፣ ፍሪደም ኪልቲንግ ቢ፣ ከትልልቅ መደብሮች ትእዛዝ ሲቀበል ሰፊዎቹ በየራሳቸው ፈጠራ ሳይሆን በተወሰነ ልክና ንድፍ እንዲሠሩ አስፈልጎታል፤ በ1970ዎቹ ሲርስ ለተባለው መደብር ኮርዶሮይ ከተባለ ጨርቅ የትራስ ልብስ ይሰፉ ነበር። ገቢ አገኙበት፣ የራስ ንድፍ ግን ለቤት ቀረ። አንቺ የራስሽን ቀለምና ቅርጽ መሞከር ከሆነ የምትፈልጊው፣ የጋራ ሥራው በዓመት ከሁለት አይበልጥም የሚል ቃል ደንቡ ላይ አስጽፊ።

መግቢያውን ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ ሁለት ቅዳሜ በእንግድነት እንድትገኚ ጠይቂያቸው፣ የራስሽን ያልተደረበ ሥራ ይዘሽ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አብረውሽ ከወጠሩት ግቢ። ሁለቱም ቅዳሜ በስብሰባና በቡና ካለቀ፣ መዋጮው ለስፌት አይደለም ማለት ነው።