ከሰዓት በኋላ የቀጥታ ትምህርት ድምፅ ይቆራረጣል፤ መስመሩን ሳናሳድግ መፍትሔ ይገኝ ይሆን?

ጠያቂ (የማሠልጠኛ ተቋም የአይሲቲ ሠራተኛ፣ ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። መምህሮቻችን አዲስ አበባ ሆነው በዙም የሚሰጡትን ትምህርት ሠልጣኞቻችን እዚህ 24 ኮምፒውተሮች ባሉት ክፍል ይከታተላሉ። መስመራችን በሰከንድ 20 ሜጋ ቢት የሚያስተላልፍ ፋይበር፣ ራውተራችን ደግሞ ማይክሮቲክ የተባለው ኩባንያ ምርት ነው። ጠዋት የተግባር ልምምድ ስለሆነ ችግር የለም፤ ከሰዓት በኋላ ግን፣ በተለይ ቢሮው ቀረጻዎችን ወደ ጉግል ድራይቭ መጫን ሲጀምር፣ የትምህርቱ ድምፅ ይቆራረጣል፤ በዚሁ መስመር የሚሠራው የቢሮው አይፒ (የኢንተርኔት) ስልክም አይሰማም። አስተዳደሩ መስመሩን ወደ 50 ሜጋ ቢት ለማሳደግ ቢያስብም ወርሃዊ ክፍያው ከበጀታችን በላይ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ (የኔትወርክ መሐንዲስ)፦
ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይለኩ። ፋይል እየተጫነ ሳለ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ራውተሩና ወደ ውጭ አድራሻ ፒንግ (ምላሽ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ሙከራ) ያድርጉ። ራውተሩ ራሱ ዘግይቶ ከመለሰ ችግሩ ዋይፋዩ ወይም የውስጥ ኔትወርኩ ነው፤ የውጭው ብቻ ከዘገየ ግን መስመሩ ላይ ወረፋ ተፈጥሯል፣ መረጃው ተራ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ድምፅ ብዙ አቅም አይፈልግም፤ ጂ.711 በተባለው የተለመደ የድምፅ መቀየሪያ ደንብ የሚደረግ አንድ የስልክ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሰከንድ ወደ 87 ኪሎ ቢት ቢወስድ ነው። ነገር ግን መጠበቅ አይችልም፤ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 ምክረ ሐሳብ የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ስለዚህ በራውተሩ ላይ ፍጥነቱን በሁለቱም አቅጣጫ ወደ 18 ሜጋ ቢት ይገድቡት። ያን ጊዜ ወረፋው እርስዎ በማያዙት የአቅራቢው መሣሪያ ላይ መሆኑ ቀርቶ እርስዎ በሚያዙት ራውተር ላይ ይሆናል። ራውተር ኦኤስ 7 (የማይክሮቲክ ሶፍትዌር) ካለዎት «ኬክ» ወይም «ኤፍኪው ኮደል» የተባለውን፣ ትልቅ ጭነት ሌላውን እንዳያስጠብቅ ተራ የሚያካፍል የወረፋ ዓይነት ይምረጡ። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ቢኖር ፋስትትራክ የተባለው፣ ትራፊክን በአቋራጭ የሚያሳልፍ የፋየርዎል ሕግ ነው፤ እሱ በርቶ ከቆየ ትራፊኩ ሲምፕል ኪው (የራውተሩ የፍጥነት መገደቢያ) ላይ ያስቀመጡትን ገደብ ዘሎ ያልፋል።

መልስ (የትምህርት ቤት አይሲቲ ኃላፊ)፦
ከላይ የተባለው ስልኩን ያድናል፤ ክፍሉን ግን ያድናል ብዬ አላምንም። መምህሩ አንድ ጊዜ የሚልከውን ምስል የእናንተ መስመር 24 ጊዜ ነው የሚያወርደው! እያንዳንዱ ኮምፒውተር 1.5 ሜጋ ቢት ቢወስድ ድምሩ 36 ይሆናል፤ 36ቱን በ18 ውስጥ የሚያሳልፍ የወረፋ ዘዴ ደግሞ የለም። ትምህርቱን በአንድ ኮምፒውተር ከፍታችሁ በፕሮጀክተርና በድምፅ ማጉያ ብታሳዩ ከነጭራሹ መስመር ማሳደግ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ሠልጣኞች የግድ ለየብቻ መግባት ካለባቸው የዙም አካውንታችሁ አስተዳዳሪ የኤችዲ ቪዲዮን ይዝጋው፤ በነፍስ ወከፍ ወደ ግማሽ ሜጋ ቢት ከወረደ 12 ላይ ትቆማላችሁ። የተቀረጹ ትምህርቶችን ደግሞ ሌሊት አንድ ጊዜ አውርዳችሁ በግቢው ሰርቨር ላይ አስቀምጡ።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ፋስትትራክ በርግጥም በርቶ ነበር፤ ካጠፋሁትና ገደቡን ካስቀመጥኩ ወዲህ የስልኩ ድምፅ ጠርቷል። ክፍሉን በፕሮጀክተር እንሞክራለን። አንድ ነገር ልጨምር፦ የድምፅ ፓኬቶችን (የመረጃ ቁራጮችን) ቅድሚያ በሚጠይቀው የዲኤስሲፒ 46 ምልክት ብናደርግባቸው አዲስ አበባ ድረስ ቅድሚያ ያገኛሉ?

መልስ (የኔትወርክ መሐንዲስ)፦
አያገኙም። በሕዝባዊው ኢንተርኔት ላይ ምልክቱ በአብዛኛው ችላ ይባላል ወይም ይሰረዛል፤ የሚጠቅመው በራሳችሁ ራውተርና ዋይፋይ ውስጥ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚከበር ቅድሚያ ከፈለጋችሁ ሁለቱን ቅርንጫፎች የሚያገናኝ የግል መስመር መግዛት ይኖርባችኋል፤ ለአንድ ክፍል ግን ወጪው አያዋጣም ባይ ነኝ። ወደፊት ውል ስታድሱ የሜጋ ቢቱ መጠን ብቻ ሳይሆን የመዘግየትና የፓኬት መጥፋት ወሰንም በጽሑፍ እንዲገባ ጠይቁ።

መልስ (የርቀት ትምህርት አስተባባሪ)፦
ከቤታቸው በሞባይል ዳታ የሚከታተሉትንም አስቡላቸው። በ1.5 ሜጋ ቢት የሚታይ የአንድ ሰዓት ትምህርት ወደ 675 ሜጋ ባይት ይበላል፤ በ64 ኪሎ ቢት የሚላክ ድምፅ ብቻ ግን 30 ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም። እኛ ስላይዱን በፒዲኤፍ ቀድመን በቴሌግራም እንልካለን፤ መምህሩም ሰሌዳ ላይ ካልጻፈ በቀር ካሜራውን ያጠፋል። የቢሮውን የቀረጻ ጭነት ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ቀጠሮ አስይዙለት።