ካፒቴን አሜሪካ ያረጀው በየትኛው የጊዜ መስመር ነው?

ቀዳሚት፦ በ2019 የወጣው «አቬንጀርስ፦ ኢንድጌም» ሲያልቅ ስቲቭ ሮጀርስ (ካፒቴን አሜሪካ) ካለፉ ዘመናት የተወሰዱትን 6ቱን ኃያል ድንጋዮች ሊመልስ በጊዜ ማሽን ወደ ኋላ ይሄዳል። በ5 ሰከንድ ይመጣል ሲባል ሽማግሌ ሆኖ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ይገኛል። ይሄ ፊልሙ ራሱ ያወጣውን ሕግ ይጥሳል ባይ ነኝ። ሀልክ (ሳይንቲስቱ ብሩስ) ግልጽ አድርጎ ተናግሯል፦ ወደ ኋላ ሄደህ የምትሠራው ነገር የመጣህበትን ዘመን አይለውጠውም። ማስረጃው እዚያው አለ፤ የ2023ቷ ኔቡላ (የክፉው ታኖስ ልጅ) የ2014ቷን ራሷን ተኩሳ ገደለች፣ እሷ ግን አልጠፋችም። እንግዲያው ስቲቭ ከድሮ ፍቅረኛው ከፔጊ ጋር የኖረው ሌላ የጊዜ መስመር ላይ ነው። ከዚያ ከመጣ ደግሞ መውጣት ያለበት በማሽኑ መድረክ ላይ እንጂ አግዳሚ ወንበር ላይ አልነበረም።

ፊደል፦ አልስማማም። አስማተኛዋ ኤንሸንት ዋን ለብሩስ ያስረዳችው መስመሩ የሚገነጠለው ድንጋይ ከቦታው ሲነሳ ነው ብላ ነው። ስቲቭ ድንጋዮቹን መልሶ በድብቅ ቢኖር ምኑ ይነካል? የፔጊ ባል ከመጀመሪያውም እሱ ነበር። ጸሐፊዎቹ ማርከስና ማክፊሊም የያዙት ይህንኑ ነው።

ማዕዘን፦ ዳይሬክተሮቹ የሩሶ ወንድማማቾች ደግሞ ሌላ መስመር ላይ ነው ብለዋል። ስለዚህ የሰዎቹን ቃል ትተን ስክሪኑ ላይ ባለው እንፍረድ። በቀደመው የካፒቴን አሜሪካ ፊልም «ዊንተር ሶልጀር» ውስጥ በሙዚየሙ የሚታይ የፔጊ የ1953 ቃለ ምልልስ አለ። ስቲቭ ከ1,000 በላይ ወታደሮችን እንዳዳነ፣ በኋላ ባሏ የሆነው ሰውም ከመካከላቸው እንደነበረ ትናገራለች። ባሏ ራሱ ስቲቭ ከሆነ ይህን ንግግር የት ልናደርገው ነው? የስቲቭን ጋሻም እዩት። ታኖስ ቆራርጦታል፤ ሽማግሌው ስቲቭ ለጓደኛው ለሳም የሰጠው ግን ሙሉ ነው።

ፊደል፦ ማንነቱን ልትደብቅለት ብላ ቢሆንስ? ጋሻም ይሠራል።

ቀዳሚት፦ ይሁን። ግን ስቲቭ እዚሁ ከኖረ፣ የልጅነት ጓደኛው ቡኪ ለአሥርት ዓመታት በክፉው ድርጅት በሃይድራ እጅ ሲሰቃይ፣ የቶኒ አባት ሃዋርድ ስታርክ በ1991 ሲገደል እያወቀ ዝም ብሏል ማለት ነው። ለቡኪ ሲል የገዛ ጓዶቹን የተዋጋ ሰው ይህን አያደርገውም። ለእኔ ከጋሻውም ከወንበሩም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ማዕዘን፦ እኔን የሚከነክነኝ ሌላም አለ። በጊዜ ለመጓዝ የሚያስፈልገው የፒም ቅንጣት ለእያንዳንዱ ሰው ደርሶ መልስ ብቻ ነበር የሚበቃው፤ ቶኒ (አይረን ማን) እና ስቲቭ ወደ 1970 ወርደው ተጨማሪ የሰረቁትም ለዚህ ነው። በ2014 በታኖስ ከተያዘችው የ2023ቷ ኔቡላ ላይ የተገኘው የአንድ ሰው መመለሻ ነው። የ2014ቱ ታኖስ ያንን ግዙፍ መርከብ ከነሠራዊቱ በምን አሻገረው? ፊልሙ አያብራራም።

ፊደል፦ ለዚህኛው መልስ የለኝም። የስቲቭን ግን አልለቅም፤ ከሌላ መስመር ነው የመጣው ካላችሁ በየት በኩል እንደተመለሰ አሳዩኝ።