ለስላሳ አጥንት ላይ የትኛው የኢምፕላንት ትሬድ ይሻላል?

ጠያቂ (የጥርስ ሐኪም)፦
ጤና ይስጥልኝ። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርሷ ከወለቀ ብዙ ዓመት የሆነው ታካሚ አለችኝ። ሲቲው ላይ የአጥንቱ ጠንካራ ሽፋን በጣም ስስ ነው፤ ውስጡም ሳሳ ያለ ነው። የአጥንትን ጥራት በሚለየው የሌክሆልምና ዛርብ አመዳደብ አራተኛው፣ ማለትም በጣም ለስላሳው ዓይነት ይመስለኛል። እስከ ሳይነሱ (ከመንጋጋው በላይ ያለው አየር የሞላው ክፍተት) ወለል 9 ሚሊ ሜትር ቁመት አለ። አቅራቢው ዲያሜትራቸው እኩል የሆኑ ሁለት ኢምፕላንቶች (በወለቀ ጥርስ ሥር ምትክ አጥንት ውስጥ የሚገቡ ብሎኖች) አሉት፦ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ትሬዱ (በብሎኑ ዙሪያ የሚጠመዘዘው ጠርዝ) ጥልቀት የሌለውና የተጠጋጋ፤ ሌላው ወደ ጫፉ የሚሾል፣ ትሬዱ ጥልቅና ራቅ ራቅ ያለ። ገና ሲገባ አጥብቆ የሚይዝልኝ የትኛው ነው?

መልስ (የአፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም)፦
ሁለተኛውን ይውሰዱ፣ ዶክተር። እንዲህ ባለ አጥንት ውስጥ ጥልቀት የሌለው ትሬድ የሚነካው ጥቂት ነገር ነው፤ ጥልቁ ግን ራቅ ብሎ ገብቶ ይይዛል። የሾለው ቅርጽም እየገባ ሲሄድ ዙሪያውን ይጠቀጥቃል። ነገር ግን የመጨረሻውን ድሪል ሙሉ ስፋት ከተጠቀሙ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ቀዳዳውን አጥበው ይተዉት። እኔ እንደማየው እዚህ ላይ ከትሬዱ እኩል የሚወስነው ድሪሉ ነው።

መልስ (የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ)፦
የእንጨት ብሎንና የብረት ብሎን ያስቡ። ቺፕውድ ላይ የብረት ብሎን ማን ያስራል? «ትሬዱ በተጠጋጋ ቁጥር ይሻላል» የሚባለው የገጽ ስፋቱን ስለሚጨምር ነው፤ ልክ ነው፣ ግን ጥልቀቱን ከቀነሰ ጥቅሙ ይቀንሳል። አንድ ነገር አቅራቢውን ይጠይቁልኝ፦ በብሎኑ ላይ የሚጠመዘዘው ትሬድ አንድ ብቻ ነው ወይስ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሦስት? በትሬዶቹ መካከል ያለው ርቀት 0.8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነጠላው በአንድ ዙር 0.8 ሲገባ ሦስቱ 2.4 ይገባል። ይህን ሳያውቁ ካዞሩት ካሰቡት ጥልቀት ሊያልፍ ይችላል፤ ከላይ ደግሞ ሳይነሱ አለ።

መልስ (ስዊድን የምሠራ ሐኪም)፦
በሁለቱም እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ቶርኩ፣ ማለትም ኢምፕላንቱ የሚጠበቅበት የማዞሪያ ኃይል ነው። ወዲያው ዘውድ (ላዩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ሠራሽ ጥርስ) ለመጫን ብዙዎች የሚፈልጉትን 35 ኒውተን ሴንቲ ሜትር እዚህ አጥንት ላይ በግድ አያሳድዱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተጨመቀው አጥንት ሲታደስ፣ አዲሱ አጥንት ደግሞ ገና ሳይጠና፣ ጥብቀቱ ይቀንሳል። ድዱን ዘግተው ቢያንስ ለአራት ወራት ያቆዩት፤ ከዚያ ጥብቀቱን በአይኤስኪው (የኢምፕላንት ጥብቀት መለኪያ ቁጥር) ይለኩ።
ይህንኑ ኢምፕላንት ታችኛው መንጋጋ ፊት ለፊት፣ ጠጣር አጥንት ላይ እንዳይደግሙት አደራ። ጥልቁ ትሬድ እዚያ ቶርኩን ያንረዋል፤ ከመጠን በላይ የተጨመቀ አጥንት ደም አጥሮት ሊሞት ይችላል። ሙቀቱም አለ፦ 47 ዲግሪ ለአንድ ደቂቃ አጥንትን እንደሚጎዳ ተመራማሪዎቹ ኤሪክሰንና አልብሬክትሰን በ1983 አሳይተዋል። እዚያ ታፕ (ቀዳዳው ውስጥ የትሬዱን መንገድ አስቀድሞ የሚቆርጥ መሣሪያ) ይጠቀሙ፣ ማቀዝቀዣ ውኃውንም አይቆጥቡ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም አድርጌ ኢምፕላንቱ ከገባ በኋላ ሳይጠብቅ ዝም ብሎ ቢዞርብኝስ?

መልስ (የአፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም)፦
ወደ ጎን ካልተነቃነቀ መልሰው መላልሰው አያውጡት፤ የቀረውን አጥንት ይፈጫል። ሸፍነው ጊዜ ይስጡት። ወደ ጎን ከተነቃነቀ ግን ያውጡ፤ የአጥንቱ ስፋት ከፈቀደ በወፍራም ይተኩ፤ ካልፈቀደ አጥንት ሞልተው ሌላ ቀን ይመለሱበት።