«ለእነሱ የተሠራ ነው» ይባላል እንዴ?

የሁለት እናት፦ ለሎንግ ዊኬንድ ልጆች ይዘን ቨርጂኒያ ቢች ብንሄድስ ብዬ ትናንት ጽፌ ነበር። ባሕሩ ዳር ያለው ግሮሜት አይላንድ የሚባለው መጫወቻ ለትንንሽ ልጆች ጥሩ ነው አልኩ። «ፌርፋክስ ነኝ» ምን ብላ መለሰችልኝ? «እዚያ ጤነኛ ልጅ ይዞ መሄድ የሰው ቦታ መቀማት ነው። ለእነሱ የተሠራ ነው።» «እነሱ» ያለችው አካል ጉዳተኞችን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። ልጆቼ 3 እና 5 ዓመታቸው ነው። ማንን ቀሙ? የመጫወቻው ስም ራሱ «ለሁሉም ሰው» ይላል።

ፌርፋክስ ነኝ፦ ያልኩትን አልክድም። ሥራዬ ቤት እየሄድኩ የታመሙና አካል ጉዳተኛ ሰዎችን መንከባከብ ነው። ባለፈው ሳመር የምንከባከባት ልጅ ቤተሰቦች እዚያው ሲሄዱ ይዘውኝ ሄዱ። ልጅቷ 9 ዓመቷ ነው፤ በዊልቸር ነው የምትሄደው። ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ፣ ራምፑ ሥር ሩብ ሰዓት ቆምን። ከላይ ወደ ታች እየተሯሯጡ የሚወርዱ ልጆች መንገድ አልሰጡንም። ትተን ወደ አሸዋው ገበታ ሄድን። ገበታው ከፍ ብሎ የተሠራው ዊልቸሩ ከሥሩ እንዲገባ ነው። ከሥሩ ግን ሁለት ወንዶች ልጆች ተቀምጠዋል። ፎጣ አንጥፈው «ቤታችን ነው» አሉን። እናታቸው ከሩቅ ስልኳን እያየች ነበር። ልጅቷ እጇን ዘረጋች። የገበታውን ጠርዝ ነካች። አሸዋው ጋ አልደረሰችም። ይህን በዓይኔ አይቼ «ሁላችሁም ኑ» አልልም።

የሁለት እናት፦ በጣም ያሳዝናል። ግን እነዚያ ልጆች የእኔ አይደሉም። ስለ እናታቸው ለእናታቸው ንገሪያት። «ለእነሱ የተሠራ ነው» የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም።

የበኩር አባት፦ እህቶቼ፣ እስከ አሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ልጄ ነው። በኩሬ 7 ዓመቱ ነው። ሲወለድ ጀምሮ እግሮቹ አይታዘዙለትም። «እነሱ» የሚለውን ቃል በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከንፈር የሚመጥልኝ ሰው አለ። «ጸበል ወሰዳችሁት?» የሚለኝ አለ። ሁሉም ደግ ናቸው፤ ልባቸው ጥሩ ነው። ግን ከንፈር ሲመጠጥ ልጄ ይሰማል። ቀና ብሎ ያየኛል። አራት ሰዓት ነድቼ ባሕር የምወስደው ከልጆች ጋር እንዲጫወት ነው። ባዶ ራምፕማ የምሠራበት ሕንፃም አለው።

የሁለት እናት፦ ይኸው! የልጁ አባት ራሱ ተናገረ። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

የበኩር አባት፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ገበታ ሥር ቤት የሠሩት ልጆች ነገር የእኔም ነገር ነው። የእኔም ልጅ እንደዚያ እጁን ዘርግቶ ያውቃል። በእኔ ስም አታመስግኚኝ።

አናጢው፦ እኔ ኮንስትራክሽን ላይ ነኝ፤ ስለ አሠራሩ ልናገር። ኤ.ዲ.ኤ. የሚባለው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የመጫወቻ ቦታው ዝርዝር ግን አስገዳጅ የሆነው ከማርች 2012 ጀምሮ ነው። እሱም ቢሆን ከፍ ብለው ከተሠሩት መጫወቻዎች ቢያንስ ግማሹ ዊልቸር የሚደርስበት ይሁን ነው የሚለው። ግሮሜት አይላንድ የተከፈተው በ2010 ነው፤ የታሰበው ደግሞ ከዚያ በላይ ነበር። 15,000 ስኩዌር ፊት ቦታ ነው፤ መሬቱ ለስላሳ ጎማ የለበሰ። ሁሉም ቦታ እንዲደረስበት ተብሎ ነው የተሠራው። ሌላው ደግሞ ራምፕ 1 ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሜትር መንገድ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ረጅምና ለጥ ያለ የሚሆነው። ረጅም ለጥ ያለ መንገድ ያየ ልጅ ይሮጣል። ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ መንገዱ ራሱ ሩጥ ይለዋል።

ፌርፋክስ ነኝ፦ ታዲያ ይህ እኔ ያልኩትን አያጠናክርም? ለዊልቸር የተሰላ መንገድ ነው። መሮጫ አይደለም።

አናጢው፦ ስሙን በእንግሊዝኛ ያየ ሰው ያስተውላል። «ለሁሉም ሰው» ከሚለው (EveryBODY) ውስጥ «አካል» (BODY) የሚለውን ቃል ለይተው በትልልቁ ነው የጻፉት። ሁለቱም ትርጉም አብሮ እንዲነበብ ነው። ለሁሉም ሰው፣ ለእያንዳንዱ አካል። እናንተ አንዱን አንዱን ይዛችሁ ነው የምትጎትቱት።

የሁለት እናት፦ «ለእያንዳንዱ አካል» ከሆነ የልጆቼም አካል አካል ነው።

ፌርፋክስ ነኝ፦ የአንቺ ልጆች አካል ከሜሪላንድ እስከ ፍሎሪዳ የትኛውም ፓርክ ይቀበለዋል። የእሷን አካል የሚቀበለው ስንት ነው?

ሪችመንድ፦ ይቅርታ፣ ለዚህ ብላችሁ ለምን አራት ሰዓት ትነዳላችሁ? ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ማክሊን ላይ ክሌሚጆንትሪ አለላችሁ። ከ2006 ጀምሮ ያለ ነው። ዊልቸር የሚወጣበት ካሩሰል፣ የሚሽከረከር የፈረስ መጫወቻ እንኳ አለው።

የሁለት እናት፦ ባሕር የለውማ!

የበኩር አባት፦ ክሌሚጆንትሪን እንደ ቤታችን ነው የምናውቀው። ጥሩ ቦታ ነው። ግን ልጄ ሞገድ ሲሰማ የሚያደርገውን ብታዩ። እጆቹን ከፍ አድርጎ ይጮኻል። በጥሩ ጩኸት ነው የምላችሁ። አሸዋ ላይ የሚሄድ ትልልቅ ጎማ ያለው ወንበር ከተማው በነፃ ያውሳል። አንድ ጊዜ በዚያ ውኃው ድረስ ወስጄው እግሩን አስነካሁት። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ «መቼ ነው የምንሄደው?» ነው።

ሪችመንድ፦ እንዲህ ከሆነስ እሺ። ግን ዓርብ ማታ አትነሱ። የሃምፕተን ሮድስ ድልድይና ዋሻ ጋ ትቆማላችሁ። ልጅ መኪና ውስጥ ሁለት ሰዓት ያለቅሳል።

ጸጥታ ወዳድ፦ ስለ ጩኸት ካነሳችሁ እኔም አንድ ነገር አለኝ። ልጄ ኦቲዝም አለባት፤ በዓይን አይቶ ግን ማንም አያውቅም። በእግሯ ትሄዳለች፣ ትሮጣለች። ባለፈው ዓመት እዚያው መጫወቻ ላይ የኦሺያና የባሕር ኃይል ጄቶች በላያችን አለፉ። አካባቢው የጄት ጣቢያ ነው፤ ዝቅ ብለው ነው የሚበሩት። ልጄ ጆሮዋን ይዛ ራምፑ መሐል ተኛች። አንዲት ሴትዮ «ይህ ለዊልቸር ነው፣ ልጅሽን አንሺ» አለችኝ። ፌርፋክስ፣ አንቺ «ጤነኛ ልጅ» ስትዪ እንዴት ነው የምትለዪው? በር ላይ ወረቀት ልናሳይ ነው?

ፌርፋክስ ነኝ፦ የእኔ እህት፣ የአንቺን ልጅ አላልኩም። አንቺን ማስቀየም አልፈለግኩም።

ጸጥታ ወዳድ፦ አውቃለሁ። ግን ያ ቃል ሲነገር የሚመታው እኛን ነው። ልጄ በዓይን «ጤነኛ» ናት። ድምፅ የሚከለክል ሄድፎን ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሁላችሁም የምመክረው እሱን ነው።

አያት ከአሌክሳንድሪያ፦ ልጆቼ፣ ይህን የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ ጉልበቴ ታሞ በከዘራ ነው የምሄደው። በዚህ ዕድሜዬ ባሕር ያየሁት አምና ነው። አሸዋው ላይ መራመድ አልቻልኩም። እዚያ መጫወቻ ግን መሬቱ ጎማ ስለሆነ እስከ ጫፉ ሄድኩ። ተቀምጬ ልጆቹን እያየሁ ቆሎ በላሁ። እኔ ከየትኞቹ ነኝ? ከእነሱ ነኝ ወይስ ከእናንተ?

የሁለት እናት፦ እማማ፣ እርስዎ ከሁላችንም ነዎት። ዕድሜ ይስጥዎት።

አናጢው፦ እማማ ትልቅ ነገር ነው የጠየቁት። መጫወቻው በስሙ የተጠራለት ሰው፣ ጄ.ቲ. የሚባለው ጆሽ ቶምፕሰን፣ ኤ.ኤል.ኤስ. የሚባለው ጡንቻን የሚያዳክም የነርቭ በሽታ የያዘው ትልቅ ሰው ሆኖ ነው። ሕፃን አልነበረም። ዊልቸር ላይ ያለ አባት፣ ከዘራ የያዘች አያት፣ እነሱም ልጅ ይዘው ይመጣሉ። እና የአያቲቱ ልጅ ልጅ «ጤነኛ» ስለሆነች አትግባ ልትባል ነው? «ለእነሱ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይሰበራል።

ፌርፋክስ ነኝ፦ ቃል ትሰነጥቃላችሁ፣ የልጅቷ እጅ አሸዋው ጋ ስላለመድረሱ ግን አንድም ሰው አልመለሰልኝም። እሺ፣ «ለእነሱ» የሚለውን ተውኩት። «አስቀድሞ ለእነሱ» ልበል። ተራ ሲደርስ ቅድሚያ አላቸው። ይህን ማን ይቃወማል?

የሁለት እናት፦ «አስቀድሞ»ን እቀበላለሁ። ትናንት ግን ያልሽው እሱን አይደለም። «መቀማት» ነው ያልሽው። ልጆቼን ሌባ አድርገሻቸዋል።

ፌርፋክስ ነኝ፦ ልጆችሽን አይደለም። ልጅ ምን ያውቃል? ወላጅን ነው።

የሁለት እናት፦ ይባስ ብለሽ እኔን አልሽኝ!

ሪችመንድ፦ እባካችሁ፣ ዘመድ ናችሁ፣ አንድ ሰፈር ነው የምትኖሩት።

የበኩር አባት፦ ተዉአቸው፣ ይከራከሩ። ስለዚህ ጉዳይ ሲከራከር የሰማሁት ሐበሻ ጥቂት ነው። አገር ቤት ልጅ ይደበቅ ነበር። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት የታገለችው አንዱ ያንን መደበቅ ነው። አሁን እዚህ ተቀምጠን ማን ይቅደም ብለን እንጣላለን። ለእኔ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ልበላችሁ። አሸዋ ላይ የተጫወተ ልጅ ወደ ጎማው ሲመለስ እግሩን አራግፉለት። የዊልቸር የፊቷ ትንሿ ጎማ አሸዋ ከገባባት ትቆማለች። ልጄ ሦስቴ መሐል ላይ ቆሞብኛል። ተንበርክኬ በጥፍሬ ነው የማወጣው።

የሁለት እናት፦ ይህን አላውቅም ነበር። ከልቤ ነው የምልህ።

ጸጥታ ወዳድ፦ ጫማም አድርጉላቸው። እኩለ ቀን ላይ ጎማው ይግላል፤ ባዶ እግር አይቻልም።

ፌርፋክስ ነኝ፦ የአሸዋውን ነገር እኔም አልጻፍኩትም፣ ጥሩ አደረግህ። ግን አሁንም ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሠላሳ ልጅ ይዞ መግባት ልክ ነው ብዬ አላምንም። የማኅበር ፒክኒክ እዚያ እንዳታደርጉ። ከኔፕቱን ሐውልቱ እስከዚያ ድረስ ባሕሩ ዳር ሁሉ ክፍት ነው።

የሁለት እናት፦ ሠላሳ ማን አለ? ሁለት ልጆች ናቸው ያሉኝ። ቅዳሜ እሄዳለሁ። በጠዋቱ ነው የምገባው፣ ሳይሞላ። ገበታው ሥር አይገቡም፣ ቃሌ ነው። ራምፑ ላይ ግን ይወጣሉ።

የበኩር አባት፦ ይውጡ። እኛም በሁለት ሰዓት እዚያ ነን። አይሩጡ ብቻ።

የሁለት እናት፦ የ3 ዓመት ልጅ አትሩጥ ይባላል እንዴ ወንድሜ?

ፌርፋክስ ነኝ፦ ይባላል! እጁን ይዞ ይባላል።